ከሙሶሊኒ ሕግ እስከ ድመት ጉልበት

የታሪክ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ሙሶሊኒ ሲባል ማይጨውና የመርዝ ጋዝ ነው ትዝ የሚላችሁ። ልክ ናችሁ። ዛሬ ግን ሰውየውን ከድመት ጉልበት ጋር ላገናኘው ነው፤ አትሳቁ።

እኛን ከወረረ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1938 (እ.ኤ.አ.)፣ ሙሶሊኒ በገዛ አገሩ አይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ቶሪኖ ውስጥ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የምትባል ወጣት ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ተባረረች። ታዲያ መኝታ ክፍሏን ላቦራቶሪ አደረገችው! የልብስ መስፊያ መርፌ እየሳለች፣ እንቁላል ውስጥ ያለ የጫጩት ፅንስ ላይ ነርቭ እንዴት እንደሚያድግ መመርመር ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዳ፣ በ1950ዎቹ ነርቭን የሚያሳድገውን ፕሮቲን አገኘች። በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር ኖቤል ተሸለመች። የኖረችው 103 ዓመት ነው፤ ሙሶሊኒን በስንት ዓመት እንደበለጠችው እናንተው አስሉት።

ድመቷ የት አለች? ያው ፕሮቲን ካደግን በኋላ ሕመምን በማስተላለፍ ይሳተፋል፤ አርትራይተስ የያዘው መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ይበዛል። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ይህንን ፕሮቲን የሚያግድ፣ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ለድመቶች ፈቀደች። የውሾቹ በ2023 ተከተለ።

ውሾች እንኳ ካርፕሮፌን የሚባል ማስታገሻ ከ1996 ጀምሮ ነበራቸው። የድመት የዘገየው ሕመሟን ስለምትደብቅ ይመስለኛል። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች ራጅ አይቶ፣ 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት አገኘ። ውሻ ያነክሳል፣ ጠዋት ሲነሳ ይከብደዋል፤ ይታያል። ድመት ግን ብዙ ጊዜ ማነከሷ አይታይም። መስኮት ላይ መዝለል ትተዋለች፣ ጠጉሯን መላስ ትቀንሳለች፣ ከቦታዋ ውጪ ትሸናለች። እኛ «አርጅታ ነው» ብለን እናልፋለን።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ጎረቤቴ ናቸው። ድመታቸው ሶፋ ላይ መውጣት አቅቷት፣ ከራሳቸው ፓራሲታሞል ግማሽ ፍሬ ሊያካፍሏት ሲሉ ደረስኩ። «እትዬ፣ በእግዜር፣ እንዳይሰጧት!» አልኳቸው። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ በትንሹም ቢሆን። ለውሻም የሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ማስታገሻውን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥ። እስከዚያው ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ አንስታችሁ ብርድ ልብስ አንጥፉላቸው፤ ከወፈሩ ምግቡን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ለእትዬ ድመት ከሶፋው ሥር አንድ ካርቶን እንደ ደረጃ አድርገንላታል፤ በሱ እየወጣች ነው።