የደጋ ሰው ልብና የኮምፒዩተር ፍርድ
የሆላንዱ አይንትሆቨን የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀርጸውን መሣሪያ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1903 ገለጸ። በ1961 ፒፕበርገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ጤነኛውን ምልክት ከሕመምተኛው በኮምፒዩተር ለዩ። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚፈርደው በተሰጠው ልክ ነው፤ ልኩም የተለካውን ሕዝብ ይመስላል። በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ ምልክቱ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ በቆላ ሰው ላይ ግን በሽታን ያስጠረጥራል።

የስሜን ሰውስ? ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1969 ባሳተሙት ጥናት በ3,000 ሜትር የሚገኘውን የደባርቅን ሕዝብ በ1,500 ሜትር ከሚገኘው ከአዲ አርቃይ ሕዝብ ጋር አነጻጸሩ። በ2002 ደግሞ የቢል ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን የደማቸው ኦክሲጅን እንደ ቆላ ሰው መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ የአንዲስ ልክ ለስሜን አይበቃም፤ የኮምፒዩተሩ ፍርድ ሳይታመን አስቀድሞ የደባርቅና የዳባት ጤነኛ ልብ ሊለካ ይገባል።