ከንግሥተ ሳባ ሸራ እስከ ግሎቢ

 የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተ ታሪክ የተማርክ ሰው ነህና አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ስለ ዐድዋ ወይም ስለ አክሱም እንድጽፍ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን የጀመርኩትን ትምህርት ሳልጨርስ ስድስት ኪሎን ተሰናብቼ የወጣሁ፣ ዛሬ ጄኔቭ ላይ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝና ስለ ዐድዋ የተሻሉት ይጻፉ። የማወጋችሁ ስለ ድሮ የካርቱን መጻሕፍት ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«የልጅ ነገር!» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከእነዚሁ መጻሕፍት ነው። እዚህ እንደመጣሁ በተመደብኩበት የስደተኞች መኖሪያ አንድ መደርደሪያ ሙሉ፣ ገጹ የተበጣጠሰ ታንታንና ስፒሩ ነበር። ቃሉ ባይገባኝ ሥዕሉ ይነግረኛል። በዚህ ዓይነት ስማር ከርሜ፣ አንድ ቀን የቋንቋ መምህሬ «እንዴት ዋልክ?» ብትለኝ የካፒቴን ሐዶክን «ሚል ሳቦር!» በታላቅ ትሕትና መለስኩላት። የመርከበኛ እርግማን መሆኑን የተረዳሁት ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብኝ ነው።

የኋላ ኋላ ታክሲ ስይዝ፣ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተራ እየጠበቁ ካርቱን ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ረቡዕና ቅዳሜ ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት ፍራንክ እየገዛሁ ቤቴን ሞላሁት። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው «የዚህ ሁሉ አባት እኮ የዚህች ከተማ ሰው ነው» ያለኝ።

እውነቱን ነው። ሮዶልፍ ቶፕፈር በ1799 ጄኔቭ ተወለደ። አባቱ ሠዓሊ ነበሩ፤ እሱም ሠዓሊ ለመሆን ሲመኝ የዓይን ሕመም ከለከለውና መምህር ሆነ። አዳሪ ተማሪዎቹን ለማሳቅ በ1827 የአንድ ፍቅር ያሳበደው ሰው፣ የሙሴ ቪዩ ቧን ታሪክ፣ በተከታታይ ሥዕል ሠራ፤ ከእያንዳንዱም ሥር ጽሑፍ አኖረ። ሥዕሉና ጽሑፉ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ አዲስ ነገሩ ይኸው ነበር። ቶፕፈር እንዲህ ያለውን ቀልድ ለማሳተም ሲያመነታ፣ ሥራው ቫይማር ድረስ ተልኮ ሽማግሌው ጎተ አይቶ አደነቀው። ከዚያ በኋላ በ1833 ሙሴ ዣቦን፣ በ1837 ቪዩ ቧን አሳተመ። በ1842 ቪዩ ቧ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ኒውዮርክ ላይ ወጣ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የካርቱን መጽሐፍ እሱ ነው ይባላል። ለደራሲው አንድ ሳንቲም አልደረሰውም፤ የቅጂ ሌብነት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከሩሲያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ። ስንት ጊዜ መንገደኛ አውርጄበታለሁ፣ ስሙን ሳላነብ!

ሆኖም «ፈለሰፈው» ሲባል ውስጤ ያለው የታሪክ ተማሪ ይቆጣል። አጎቴ ፒያሳ አካባቢ የቱሪስት ዕቃ መሸጫ ነበራቸው። በግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ተስሎ ይሰቀላል፤ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ሆኖ፣ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ የሚነበብ፣ ከየሥዕሉ ጋር የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት። ከዘንዶው ተነሥቶ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ አክሱም እስኪገባ ድረስ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ካርቱን ያ ሸራ ነበር። ቱሪስት በገዛው ቁጥር አለቅስ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ሁጎ ፕራት የሚባለውን ኢጣልያዊ ካርቱን ሠሪ አንዳንዶቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ልጅ ሳለ በወረራው ዘመን ከእናቱ ጋር አባቱን ተከትሎ አገራችን ገባ። ሁጎም ገና በ14 ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የቅኝ ገዥውን ፖሊስ መለዮ ለበሰ። በ1941 ኢጣልያ ስትሸነፍ አባቱ ተማርኮ በ1942 ሞተ፤ እሱና እናቱ ድሬዳዋ በእስረኞች ካምፕ ቆይተው በ1943 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ስለ እኛው አካባቢ «ኢትዮጵያዊዎቹ» የሚባሉትን ታሪኮች ሠራ። በዚያ ውስጥ ኩሽ የተባለ ሙስሊም ተዋጊ አለ፤ የፈረንጅ አሽከር አይደለም፣ ኮርቶን ይከራከረዋል፣ ይቀልድበታል። በዘመኑ በአውሮፓ ካርቱን እንዲህ ያለ አፍሪካዊ ማግኘት ብርቅ ነበር።

ፕራት ከ1984 ጀምሮ ሎዛን አጠገብ ግራንቮ ኖሮ፣ በ1995 አርፎ እዚያው ተቀበረ። አንድ እሑድ መቃብሩ ድረስ ነዳሁ። አያቴ በዚያው ዘመን ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩና አበባ አልያዝኩም። ግን ቆሜ ጥቂት ቆየሁ። ያ ልጅ መለዮውን ለብሶ ያየውን አገር ዕድሜ ልኩን እንዳልረሳው መጻሕፍቱ ይመሰክራሉ፤ ከዚህ በላይ ልፈርድለትም ልፈርድበትም አልቻልኩም።

ዙሪክ ያላችሁ ደግሞ ግሎቢን ታውቃላችሁ። ቢጫ ምንቃር ያለው ሰማያዊ ወፍ፣ ጥቁር ቤሬ ቆብና ቀይና ጥቁር ዳማ ሱሪ የሚያደርገው። በ1932 ግሎቡስ የተባለው ትልቅ መደብር 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሮበርት ሊፕስ ሣለው፤ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ፍጡር የስዊስ ልጆች ሁሉ ወዳጅ ሆነ። በ1935 የወጣው የዓለም ዙሪያ ጉዞው ግን ጥቁር ሰዎችን ያሳየው በዘመኑ የንቀት ዓይን ነበር።

ዙሪክ የምትኖረው እህቴ ቤት ጎረቤት የነበሩ አሮጊት ቆጣቸውን ሲያጸዱ አንድ የቆየ ግሎቢ ለልጇ ሰጧት። ልጅቱ የ9 ዓመት ናት። ገልጣ ገልጣ አንድ ሥዕል ላይ ስትደርስ «አጎቴ፣ ይኼ እኛ ነን?» አለችኝ። እህቴ «ከቤቴ ይውጣ!» አለች። እኔ «ታሪክ ነው፣ አይጣልም» ብዬ ተከራከርኩ፤ ተኳረፍን። ወደ ጄኔቭ ስመለስ ግን ታንታን በኮንጎ ትዝ አለኝ። በ1930 መታተም ሲጀምር ታንታን የኮንጎ ልጆችን «አገራችሁ ቤልጅየም» እያለ ያስተምር ነበር፤ በ1946 ኤርዤ ያንን ወደ ሒሳብ ትምህርት ለወጠው፣ የሰዎቹን መልክ ግን ብዙም አልነካውም። እኔም በስደተኞቹ መኖሪያ ቁጭ ብዬ በዚያ መልክ ስቄያለሁ። ልጅቱ በአንድ ጊዜ ያየችውን እኔ፣ የታሪክ ተማሪው፣ አላየሁትም ነበር።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስሄድ ባለ 44ቱን ሸራ ገዝቼ አመጣሁላትና ዙሪክ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ስለጀመረች ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ታነበዋለች፤ 17ኛው ላይ ደርሳለች፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ቁጥሩን ትነግረኛለች። ግሎቢው እኔ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

በአማርኛ የታተመ የቆየ ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ያላችሁ በበዓሉ ዕለት ይዛችሁ ብትመጡ ለቅዳሜው ክፍል ቅጂ አስነሥቼ እመልሳለሁ። ግሎቢውን ማየት የሚሻም ካለ አስቀድሞ ይንገረኝ፤ እህቴ በሌለችበት አሳየዋለሁ።