ስሙን ያጣው ጀግና

በአሜሪካ በሥዕል ከሚነገሩ ታሪኮች ኀያላን ጀግኖች መካከል፥ በወረቀት ላይ ጠላቱን ሁሉ ድል ሲነሣ ኖሮ በክርክር ምክንያት ከገበያ የወጣ፥ ኋላም ስሙን ለሌላ የተወ አንድ አለ፤ እርሱም ካፒቴን ማርቭል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደራሲው ቢል ፓርከርና ሠዓሊው ሲ. ሲ. ቤክ በፎሴት አሳታሚ ቤት ሲያሰናዱት በመጀመሪያ የታሰበለት ስም «ካፒቴን ነጐድጓድ» ነበር። በ1940 «ዊዝ ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት ለአንባቢ ሲቀርብ ግን ማርቭል ተባለ። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ቢሊ ባትሰን የሚባል ወላጅ የሌለው ጋዜጣ ሻጭ ልጅ ከምድር በታች በሚሄደው የባቡር መንገድ አንድ ሽማግሌ አስማተኛ ያገኛል። «ሻዛም» ብሎ ሲጮኽ መብረቅ ይወርድና ብርቱ ሰው ይሆናል፤ ደግሞ ሲናገረው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የስድስት ጥንታውያን ስሞች መነሻ ነው፤ የፊተኛው ጥበብን የሚሰጠው ሰሎሞን ሲሆን፥ የቀሩት ከግሪክና ከሮማ ተረት የተወሰዱ ናቸው። በ1938 የወጣው ሱፐርማን ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፤ ይህ ግን ከመንገድ ዳር የተነሣ ድኻ ልጅ ስለ ሆነ ሕፃናት ራሳቸውን ያዩበት ይመስለኛል። በ1940ዎቹ አጋማሽም ከሱፐርማን ይበልጥ ይሸጥ ነበር።

የሱፐርማን አሳታሚ «ከእኛ የተቀዳ ነው» ሲል በ1941 ከሰሰ። ነገሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። የመጀመሪያው ዳኛ ለፎሴት ቢፈርዱም፥ በ1951 ስመ ጥሩው ዳኛ ለርንድ ሃንድ በጻፉት የይግባኝ ውሳኔ ፍርዱ ተሻረ። የጀግኖች መጽሔት ገበያም ቀዝቅዞ ስለ ነበር፥ ፎሴት በ1953 ገንዘብ ከፍሎ ታረቀ፤ ጀግናውንም ማሳተም አቆመ።

ስሙ ባዶ ቦታ ሆኖ ቈየ። በ1967 ማርቭል ኮሚክስ ካፒቴን ማርቭል የሚባል ሌላ ጀግና አወጣ (የድርጅቱን ስም ላሰበ ሰው ይህ አያስደንቅም)። የቀድሞው ከሳሽ፥ ዛሬ ዲሲ የሚባለው አሳታሚ፥ በ1972 ራሱ ከገበያ ያስወጣውን ጀግና ከፎሴት በፈቃድ ወስዶ ሊያስነሣው ተነሣ፤ ነገር ግን የጀግናውን ስም የመጽሔት ርእስ ሊያደርገው አልቻለም። ስለዚህ በ1973 የወጣው መጽሔት «ሻዛም» ተባለ። በውስጡ የቀድሞ ስሙ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሮ፥ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ታሪኩ እንደ አዲስ ሲጻፍ ጀግናው ራሱ ሻዛም ሆነ። በ2019 የማርቭል «ካፒቴን ማርቭል»፥ እርስዋም ሴት ናት፥ እና የዲሲው «ሻዛም» በአንድ ወር ልዩነት በሲኒማ ታዩ።

ለደራሲዎቹ ግን አንድ ችግር ተረፈ። በጥንቱ ታሪክ ሥርዓት፥ ጀግናው ስሙን ለጠየቀው ሰው ሊነግር አፉን በከፈተ ቍጥር መብረቁ ይወርዳል፤ በጠያቂው ፊት የሚቆመውም ጋዜጣ ሻጩ ልጅ ነው።