መንጋውን የሚያሰባስበው ሽታ

እ.ኤ.አ. በ1958 የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያ ውስጥ 167 ሺህ ቶን ያህል እህል ፈጀ። ከአራት ዓመት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የጋራ የአንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቋሙ። አውሮፕላኑም መድኃኒቱም ተዘጋጀ። ብቻውን የሚውል፣ መሰሎቹን የሚሸሽ አንበጣ ምን አግኝቶት በድንገት መንጋ እንደሚሆን ግን ገና በቅጡ አልታወቀም ነበር።

ለጥያቄው መልክ የሰጠው በሩሲያ ግዛት ተወልዶ ለንደን የሠራው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። በ1921 ባሳተመው ጥናት፣ ሁለት ዝርያ ይባሉ የነበሩት ብቸኛውና መንገኛው ተጓዥ አንበጣ አንድ መሆናቸውን አስረዳ። ኩብኩባው ተጨናንቆ ሲያድግ ቀለሙም ጠባዩም ይለወጣል።

በ1990ዎቹ ናይሮቢ በሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በኢሲፔ፣ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ወደማይጠበቅ ቦታ ዞሩ፤ ወደ አንበጣው ኩስ። ከኩሱ ከሚተኑት ነገሮች መካከል ጓያኮልና ፌኖል አንበጦቹን እንደሚያሰባስቡ አዩ። ጓያኮል ለእንጨት ጭስ ሽታውን ከሚሰጡት ውህዶች አንዱ ነው።

ሽታውን የሚሠራው አንበጣው ራሱ ይመስል ነበር። እንግሊዝ አገር ባዝ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሮድ ዲሎን ቡድን ግን አንበጦችን ከማንኛውም ጀርም ነጻ አድርጎ አሳደገ። ኩሳቸው ጓያኮል አልነበረውም። ፓንቶኤያ አግሎሜራንስ የተባለውን ባክቴሪያ ወደ አንጀታቸው ሲመልሱ ጓያኮሉም ተመለሰ። አንበጣው የበላው ቅጠል ሲፈጭ ከሊግኒኑ የሚወጣውን ቫኒሊክ አሲድ ባክቴሪያው ወደ ጓያኮል ይለውጠዋል። ውጤቱ በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። መንጋ የሚፈጥረው ሽታ ብቻ አይደለም፤ የኋላ እግር መነካካትም ብቸኛውን አንበጣ መንገኛ ያደርገዋል።

በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች የተገላቢጦሹን አሳዩ። ኤልዛቤት ካኒንግ በ1953 የመዘገበችው ኖሴማ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ተጓዥ አንበጣን ሲይዝ አንጀቱን አሲዳማ ያደርጋል። ሽታ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ፤ የታመሙት አንበጦችም የመሰባሰብ ዝንባሌያቸው ይቀንሳል።

ከ2019 ጀምሮ መንጋው ምሥራቅ አፍሪካን ሲወር፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በዋናነት የተማመኑት በሚረጭ ኬሚካል ነበር። ሶማሊያ ግን ሜታሪዚየም የተባለ ፈንገስ ረጨች። ፈንገሱ ሽታውን አይነካም፤ በአንበጣው ቆዳ ገብቶ ይገድለዋል።