ነጻ ማኅበር ስንል

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ግቢ የአንዲት ፊደል ጠብ አለ። «ፒቲኤ» የሚባለው የወላጆችና የመምህራን ማኅበር የአንድ ብሔራዊ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። ከእያንዳንዱ አባል መዋጮ ላይ ድርሻ ለግዛቱና ለብሔራዊው ማኅበር ይላካል፤ መተዳደሪያ ደንቡም ከበላይ ይጸድቃል። «ፒቲኦ» ሲሆን ግን በአብዛኛው የበላይ የለውም። ገንዘቡም ደንቡም እዚያው ግቢ ይቀራል።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እጅ አውጥቶ መበተን ብቻ አይደለም። የሚወጣው ማኅበር ስሙን አስረክቦ ይወጣል። ከግብር ነጻ የሆነው በግዛቱ ማኅበር ጥላ ሥር ከነበረ ለብቻው እንደ አዲስ ያመለክታል። ኢንሹራንሱንም ራሱ ይገዛል። ካዝና ውስጥ ያለው ገንዘብ ለማን ይሁን የሚለው ክርክርማ፣ ዕድር ለሁለት ሲከፈል «ድንኳኑ የማን ነው?» ከሚለው የእኛ ሰፈር ጭቅጭቅ ብዙም አይርቅም።

ሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት፣ ልጇ ከሚማርበት ትምህርት ቤት የመጣ የስብሰባ ጥሪ ላከችልኝ፤ በአማርኛ ተተርጉሞ። ማኅበራችን ነጻ ይሁን ወይስ አይሁን፣ ነው ጥያቄው። ጎረቤቷ ወረቀቱን አንብባ «በነጻ ነው ማለት ነው? መዋጮ ቀረ?» አለቻት። ሳቅን። ግን ስንት ዓመት ስለ ቃላት ድርብ ትርጉም ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ ሂስ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ የክርክሩን ግማሽ በአንድ ጥያቄ ጨርሳዋለች። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» አለችኝ። «መጀመሪያ ታሪኩን ስሚ» አልኳት። አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም አመሉ አይለቀውም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1897 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አሊስ ማክሌላን በርኒ እና ፊቢ አፐርሰን ኸርስት ዋሽንግተን ላይ የእናቶች ጉባኤ ጠሩ። በአብዛኛው አገሪቱ ሴት ገና ድምፅ የማትሰጥበት ዘመን ነው። ጉባኤው የወለደው ማኅበር ስለ ሙዓለ ሕፃናት፣ ስለ ሕፃናት የጉልበት ሥራ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ሲሟገት ኖሯል። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

ሁሉም እናት ግን እኩል አልተጠራችም። አትላንታ ውስጥ ሰሊና ስሎን በትለር የምትባል ጥቁር እናት ነበረች። ለልጇ በአካባቢዋ ሙዓለ ሕፃናት ብታጣ በገዛ ሳሎኗ ከፈተች። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በ1911፣ በዮንግ ስትሪት ትምህርት ቤት የጥቁር ወላጆችንና መምህራንን ማኅበር አቋቋመች፤ በ1926 ደግሞ ብሔራዊውን። የነጮቹ ማኅበር ወዲህ፣ የጥቁሮቹ ወዲያ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከፈረደ በኋላም እንኳን እስኪዋሐዱ 16 ዓመት ፈጀባቸው። በሰኔ 1970 እዚያው አትላንታ ሲዋሐዱ፣ በትለር ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዘመን በደቡብ ግዛቶች «ነጻ» የወጡ ማኅበራት ነበሩ። ከምን ነጻ ወጡ? ከጥቁር ጋር በአንድ ማኅበር ከመቀመጥ። ቃሉ ያው ነው፤ ነጻነት።

ይህን ስል ዛሬ የሚወጣውን ሁሉ በዚያ ሚዛን መመዘኔ አይደለም። ግፍ ይሆናል። ብሔራዊው ማኅበር የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከመንግሥት ካዝና መሸፈኑን ይቃወማል፤ ይህን የሚደግፍ ወላጅ ለምን ለሚቃወመው አቋም ይከፍላል? ሮበርት ፑትናም የተባለው ምሁር፣ አባላቱ በ1964 ከነበሩበት ከ12 ሚሊዮን በላይ በ1982 ወደ 5 ሚሊዮን ግድም መውረዳቸውን የማኅበራዊ ኑሮ መላላት ምልክት አድርጎ አቅርቦት ነበር። ኤቨረት ላድ ደግሞ ወላጆቹ አልጠፉም፣ ወደ ነጻዎቹ ማኅበራት ዞሩ እንጂ፣ ሲል ተከራከረው። እኔ ላድን አምነዋለሁ። ወላጁ አለ፤ ኬክ ይጋግራል፣ ባዛር ያዘጋጃል።

ጥያቄዬ ኬኩ የት ይበላል ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት የየትምህርት ቤቱ የወላጅ ማኅበር ገቢ በ2019 ለሕዝብ ሲገለጥ፣ አንዳንዶቹ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሰበስቡ ሌሎቹ ምንም አልነበራቸውም። እውነት ነው፣ ፒቲኤ መሆን ብቻውን ይህን ልዩነት አይፈውስም፤ የቅርንጫፉ ገንዘብ በአመዛኙ እዚያው ነው የሚቀረው። ነገር ግን ከላይ የምትሄደው ያቺ ጥቂት ዶላር የግዛቱ ምክር ቤት በጀት ሲመድብ ደጁ ላይ የሚቆም ሰው ታቆማለች። ያ ሰው ሲናገር ባዛር ለማዘጋጀት አቅም ስለሌለው ትምህርት ቤትም ይናገራል።

ለእህቴ ልጅም ይህንኑ ነው የነገርኳት፦ ስብሰባው ላይ ስለ መዋጮው ከመጠየቅሽ በፊት፣ ከወጣን በኋላ እዚያ ደጅ ማንን እንደምንልክ ጠይቂ።