እንዳሁላን በግቢ ውስጥ ማልማትና ከእንስሳት መኖ መለየት

እንዳሁላ በገደል አፋፍ፣ በድንጋይ ካብ ሥርና በአጥር ዳር የሚበቅል፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ አዘል የሆነ፣ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ተክል ነው። በአፋን ኦሮሞ ቦሶቄ ይባላል። ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ በዕፅዋት ሳይንስ ካላንኮ በሚባለው ወገን የሚመደቡ በርካታ ዝርያዎችን ሕዝቡ በዚሁ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። የአበባው ጊዜ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ቢለያይም፣ በአብዛኛው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ሌሎች አበቦች ረግፈው ግቢው መገርጣት ሲጀምር ነው። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ነዋሪ ተስማሚ የግቢ ተክል መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም በግ፣ ፍየል ወይም ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ከመትከሉ በፊት የሚተክልበትን ቦታ በጥንቃቄ መምረጥ አለበት፤ ተክሉ ለእንስሳት መርዝ ነውና።

ድርቅን የሚቋቋምበት መንገድ ከብዙ ተክሎች የተለየ ነው። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው አየር ሲያስገቡ ውኃቸው በፀሐይ ይተናል። የእንዳሁላ ወገን ግን ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው በሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ያስገባውን አየር በአሲድ መልክ አከማችቶ፣ ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ በብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። በዚህ ምክንያት ለዚህ ተክል ከውኃ እጦት ይልቅ የውኃ ብዛት ይከፋል።

አተካከል

ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በቁራጭ ማባዛት ይቀላል። ከጤናማ ግንድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቁራጭ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነቀላሉ። ቁራጩ ወዲያውኑ መተከል የለበትም። የተቆረጠው ጫፍ ደርቆ እስኪጠግግ ድረስ ከ3 እስከ 7 ቀን በጥላ ሥር ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘልሎ ይተክላል፤ ከዚያም ቁራጩ ሲበሰብስ አፈሩን ይወቅሳል።

በዋልካ አፈር ላይ መትከል ግድ ከሆነ፣ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ይዘጋጃል። ሐምሌና ነሐሴ ለመትከያ አይመከሩም፤ እስከ መስከረም መታገሥ ይሻላል። ከተተከለ በኋላ ሥር እስኪሰድ በመጠኑ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣል። ፍግ ማብዛት ግንዱን አልጠንክሮ ያዘነብለዋል። አበባው ሲደርቅ ዘንጉን ከሥሩ መቁረጥ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲወጣ ይረዳል።

ድርቅን የመቋቋሙን ያህል ውርጭን አይቋቋምም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ በሚወረጭባቸው ደጋዎች ቀን የሞቀው ግድግዳ ሙቀቱን በሚሰጠው ጥግ መትከል ይገባል። ከችግኝ ጣቢያ በማሰሮ የሚሸጠውና መነሻው ማዳጋስካር የሆነው ትንሹ ካላንኮ ደግሞ ለማበብ ለተከታታይ ሳምንታት ረጅምና ያልተቋረጠ ጨለማ ይሻል፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሚበራበት በረንዳ ላይ ለምልሞ ሳያብብ ሊከርም ይችላል።

በእንስሳት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የካላንኮ ወገን የልብን ሥራ የሚያዛባ መርዝ አለው። በአገራችንም የሚበቅለው ካላንኮ ላንሲዮላታ የተባለው ዝርያ በደቡባዊ አፍሪካ በጎችንና ፍየሎችን ከሚመርዙ ተክሎች አንዱ ነው። በአውስትራሊያ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የዚህ ወገን ተክሎች አበባ ከቅጠልና ከግንዱ የበለጠ መርዛማ ሆኖ ተገኝቷል። አበባው የሚወጣው ሣር በሚደርቅበት ወቅት መሆኑ አደጋውን ያባብሰዋል፤ በግቢው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው እንዳሁላው ነውና። ቆርጦ ማጠውለግ ወይም ማድረቅም መርዙን አያጠፋም። ስለሆነም ከግቢ የተገረዘ እንዳሁላ ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ለከብት እንዳይሰጥ፣ ለግጦሽ ክፍት ወደሆነ ሜዳም እንዳይጣል ያስፈልጋል።

ቅጠሉን አሙቆ በቁስልና በእብጠት ላይ ማድረግ በልዩ ልዩ አካባቢዎች የተለመደ ነው። ጨምቆ መጠጣት ግን በልብ ላይ ሊያስከትል ከሚችለው ጉዳት አንጻር ሊወገድ ይገባዋል።

እንዳሁላ የበላ እንስሳ ተቅማጥ፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ ድካም፣ የትንፋሽ መቸገርና የልብ ምት መዛባት ሊታይበት ይችላል። በትንሽ በትንሹ ለቀናት የበላ በግ ወይም ፍየል ከመንጋው ኋላ ይቀራል፤ አራት እግሩን ሰብስቦ፣ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ማባረርም ሆነ ረጅም መንገድ መንዳት ልቡን በድንገት ሊያቆመው ስለሚችል፣ በጥላ ሥር አሳርፎ ባለሙያውን ወዳለበት ማምጣት ይመረጣል። ባለንብረቱ በቀበሌው ለሚገኘው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ፈጥኖ ያስታውቃል። እንስሳው በላው ተብሎ ከሚጠረጠረው ተክል አበባና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቅረብ ምርመራውን ያፋጥናል፤ መቼና ምን ያህል እንደበላም መግለጽ ያስፈልጋል።

በዚህ መርዝ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ እንስሳ ሥጋ ለሰውም ሆነ ለውሻ ምግብነት መዋል የለበትም። መርዙ በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ የበሉ ውሾች መመረዛቸው በደቡብ አፍሪካ ታውቋል። በድኑ ውሾችና ጅቦች ቆፍረው ሊያወጡት በማይችሉት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።