ያለ አግባብ ይዞ ማስቀረት፦ የአንድ የሕግ ስያሜ ታሪክ ከግሸን እስከ መቅደላ

የሌላ ሰው የሆነን ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያለ አግባብ ይዞ የሚያስቀር ሰው በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። ይህን ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያገኛቸው ቃላት «መውሰድ»፣ «መያዝ» እና «አደራ መብላት» ናቸው። ሦስቱም የታወቁ ቃላት ቢሆኑም የሚሰይሙት ጥፋት አንድ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቃላቱን ታሪክ በአጭሩ እንመረምራለን፤ ልዩነታቸውም ከመዝገበ ቃላት አልፎ በአገር ቅርስ ላይ ምን እንደሚያስከትል እናሳያለን።

መነሻችንን በአምባሰል የሚገኘውን የግሸንን አምባ እናደርጋለን። አንድን ነገር ይዞ ማቆየት የሚባለው ተግባር በጎውም ሆነ አስጨናቂው ገጽታው በአንድነት የታየበት ስፍራ ነውና። የመስቀሉ ግማድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንደ ተቀመጠ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል፤ ምእመናንም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በዓሉን ለማክበር ወደ አምባው ይወጣሉ። ይኸው አምባ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ በግዞት የሚቆዩበት ቦታ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው በ1434 እ.ኤ.አ. ለንግሥ የበቁት ከዚያው ወርደው ነው። አማርኛም ግማዱን ለሚንከባከበውም ሆነ መሳፍንቱ እንዳያመልጡ ለሚከለክለው ሰው የሰጠው ስም አንድ ነው፤ ይኸውም «ጠባቂ» የሚለው ነው። የተጠበቀው ነገር ለባለቤቱ ጥቅም ይሁን በባለቤቱ ላይ ቃሉ ብቻውን አይነግረንም።

ግእዝ ግን በዚህ ረገድ የጠራ ልዩነት ያደርጋል። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ሲሆን ዐቃቤ ሰዓትና ዐቃቤ ሕግ የተባሉት ስያሜዎች ከእርሱ የወጡ ናቸው። በአደራ የተሰጠው ነገር ደግሞ «ማሕፀንት» ይባላል። ሥሩ «ሐፀነ» ሲሆን ትርጓሜው አሳደገ፣ ተንከባከበ ማለት ነው፤ «ማሕፀን» የሚለው ቃልም የዚሁ ሥር ቤተ ሰብ ነው። እንግዲህ በግእዙ አስተሳሰብ አደራ ተቀባይ ማለት ጊዜው ሲደርስ ለባለቤቱ የሚያስረክበውን ነገር ታቅፎ የሚያቆይ ሰው ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ፣ ስለ ውሰትና ስለ መያዣ ደንግጎ ለኢትዮጵያ ሊቃውንትና ዳኞች ለብዙ ዘመን መመሪያ ሆኖ ኖሯል።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ሕዝቡ የሚገለገልባቸውን ግሦች በሦስት ወገን ከፍለን እናያቸዋለን። የመጀመሪያው ወገን ሰረቀ፣ ቀማ፣ ነጠቀ፣ ዘረፈ የሚሉት ሲሆኑ በእነዚህ ጥፋቱ የሚጀምረው ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው «በላ» የሚለው ነው። «አደራ በላ» የተባለ ሰው ዕቃውን መጀመሪያ በአግባቡ ተቀብሎ ኋላ የራሱ አድርጎታል፤ ሸጦታል፣ ለውጦታል ወይም አጥፍቶታል። የተበላ ነገር አይመለስምና ፍርዱ ወደ ዋጋውና ወደ ካሣው ያመራል። ሦስተኛው «ካደ» የሚለው ነው። አደራን የካደ ሰው ዕቃውን ሳይነካ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ግን «አልተቀበልሁም» ማለቱ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል የሚያስጠነቅቀው እነዚህን የኋለኞቹን ሁለት ነው።

ከሦስቱ ወገኖች ውጭ የሚቀር አንድ ጉዳይ ግን አለ። ያዡ ዕቃው የማን እንደ ነበረ አይክድም፤ አልበላውም፣ አላጠፋውም፤ ምናልባትም በእጅጉ ይንከባከበዋል። ባለቤቱ ሲጠይቀው ግን «አልመልስም» ይላል። ለዚህ ጥፋት አንድ ወጥ ግሥ የለንም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ይነካዋል። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ቁጥር 1206 ባለሀብቱ ንብረቱን ያለ መብት ከወሰደበት ወይም ከያዘበት ከማንኛውም ሰው ላይ ለማስመለስ እንዲችል ይፈቅዳል። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በተነገረው ክፍል ደግሞ ቁጥር 2054 በባለቤቱ ወይም በባለይዞታው ግልጽ ተቃውሞ ላይ ንብረትን በእጅ ማድረግን ጥፋት ይለዋል። የአደራ ውል ከቁጥር 2779 ጀምሮ ለብቻው ተደንግጓል። ልብ ማለት የሚገባን የመጀመሪያው ድንጋጌ መውሰድንና መያዝን ለይቶ መጥራቱን ነው። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ «መውሰድ» ቢጠቀልላቸው በሰላም ተቀብሎ በኋላ የከለከለውን ሰው ከሕጉ ጥሪ ውጭ ያደርገዋል።

የእንግሊዝ ሕግም ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል ኖሯል። ለብዙ መቶ ዓመታት አንዱ ክስ ዕቃን በመከልከል ላይ፣ ሌላው ዕቃን እንደ ራስ በመቁጠር ላይ የቆሙ ሁለት የተለያዩ ክሶች ነበሩ። በመጀመሪያው ክስ የጥፋቱ ማስረጃ በተለምዶ የባለቤቱ ጥያቄና የያዡ እምቢታ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የመከልከሉን ክስ ሽሮ ጉዳዩን በሁለተኛው ውስጥ አጠቃለለው፤ ፍርድ ቤቱ ዕቃው ራሱ እንዲመለስ የማዘዝ ሥልጣን እንዳለውም ደነገገ።

የስያሜው ጉዳይ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ከግሸን በስተ ምዕራብ ወዳለው የደላንታ ሜዳ መሻገር ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የቤተ ክርስቲያኑንና የቤተ መንግሥቱን መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎችና ጽላት በ15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ አጓጓዘ፤ በዚያም በሳምንቱ ለወታደሩና ለመኮንኑ በጨረታ ሸጠ። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥቱና «ኲርዐተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ጠየቁ፤ የክብረ ነገሥቱ መጽሐፍ ተመለሰ፣ ሥዕሉ ቀረ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲጎበኙም ከዘውዶቹ አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ፤ የወርቁ ዘውድ ግን በለንደን ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንመርጠው ቃል ሁሉ የአንዱን ወገን ክርክር ይሸከማል። «ምርኮ» ብንል ለአሸናፊው የባለቤትነት መብት እንሰጣለን። «ዘረፋ» ብንል እውነቱን እንናገራለን፤ ነገር ግን ቃሉ የ1860 ዓ.ም. ድርጊት ላይ ስለሚቆም «የዘረፉት ሞተዋል፣ እኛ አልዘረፍንም» ለሚል ያዥ በር ይከፍታል። «ካዱ» እንዳንል ሙዚየሞቹ የዕቃዎቹን ምንጭ በግልጽ ጽፈው ያሳያሉ። «በሉ» እንዳንልም ዕቃዎቹ ሳይጠፉ ይታያሉ። በ1872 የተጀመረውና ከዚያ ወዲህ የተደጋገመው ጥያቄ ያገኘው መልስ ትክክለኛ ስሙ ይዞ ማስቀረት ነው።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሙዚየሙ የመቅደላ ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ሐሳብ ሲያቀርብ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ «ብድር» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። አማርኛ ግን እህልና ገንዘብን ያበድራል፤ ተበዳሪው የሚመልሰው ምትኩን ነው። ዘውድና ጽዋን ያውሳል፤ ተዋሹ የሚመልሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አቻ «ውሰት» ነው፤ ይህም ቃል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሚያውስ ባለቤት ነውና፣ የራሱን ዕቃ በውሰት የተቀበለ ሰው አዋሹን ባለቤት ብሎ መሰከረ ማለት ነው። «ብድር» የሚለው ትርጉም ይህን ምስክርነት ይሸፍነዋል።

በመሆኑም ለስያሜ አጥኚዎችና ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን። ጥፋቱ ዕቃውን ከባለቤቱ እጅ በማውጣት የተፈጸመ ሲሆን «ያለ አግባብ መውሰድ»፤ ያዡ ዕቃውን ሸጦ፣ ለውጦ ወይም አጥፍቶ ሲገኝ «የራስ ማድረግ»፤ ዕቃው እያለ ባለቤቱ ጠይቆ ሲከለከል «ያለ አግባብ ይዞ ማስቀረት» ይባል። «ያለ አግባብ» የሚለው ሐረግ መቅረት የለበትም፤ የሠራበት ዋጋ እስኪከፈለው ድረስ ዕቃ የሚይዝ ባለሙያ በሕግ የተፈቀደ መብት ሊኖረው ይችላልና። «ማስቀረት» የሚለው ግሥ ብቻውን መሰረዝንና መከላከልንም ስለሚያመለክት «ይዞ» ከፊቱ ይቀመጥ። በዚህ ስያሜ የጥፋቱ ዘመን የሚቆጠረው ዕቃው ከተወሰደበት ቀን ብቻ አይሆንም። የተጠየቀ ያዥ «አልመልስም» ባለ ቁጥር ጥፋቱ ዛሬም እንደሚፈጸም ቃሉ ራሱ ይናገራል።